በበሩ የማይወጣው ጠረጴዛ

እሑድ ለሁሉም አንድ ነው ትሉ ይሆናል። ነቀምቴ ብታድጉ ኖሮ እንዲህ አትሉም ነበር። በእኛ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እሑድ ከተማችን የሚገባው በየተራ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ የኦርቶዶክሶቹ ደወል ይጀምራል፤ ረፋዱ ላይ የወንጌላውያኑ መዝሙር ሰፈሩን ይሞላዋል፤ በመሀል፣ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ፣ የእኛ የካቶሊኮቹ ደወል ትሰማለች። ደወል ያልኳት ለክብሯ ብዬ ነው እንጂ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታች ቸርኬ ነበረች፤ ዛፍ ላይ ተሰቅላ በብረት ትመታለች። ቁጥራችንም ከደወላችን ብዙ አይሻልም። ቄሱ እስከ አርጆ ድረስ ያሉትን ምእመናን ስለሚያዳርሱ ሁልጊዜ አናገኛቸውም፤ በሌሉበት እሑድ ጸሎቱን የሚመራው የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው ነው።

ጥቂት መሆን ግን ሰውን ያኮራል። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ቢቀር ማን ያውቃል? እኛ ዘንድ አንድ ሰው ጉንፋን ይዞት የቀረ እንደሆነ ከመዝሙሩ ላይ ያስታውቃል። አናጢው አባቴ፣ አቶ ማርቆስ፣ ቤተሰቡን እንደ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚቆጥረው። እሑድ ጠዋት ሁላችንም ለቁርባኑ ስንል እህል ባፋችን ሳይዞር፣ ታጥበንና ለብሰን በገበያው መንገድ እንሄዳለን፤ እናቴም ከኋላ ሳይሆን ከጎኑ ትሄዳለች። ይኼ ብቻውን ለሰፈሩ የሳምንት ወሬ ይበቃ ነበር።

ዋናው ጉድ ግን ምሳው ነው። ያኔ ወጉን ታውቁታላችሁ። ወንዶች ይበላሉ፣ ሴቶች ያቀርባሉ፣ ልጆች ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዘው ይቆማሉ፤ የተረፈው ኋላ ጓዳ ውስጥ ይበላል። አባቴ ይህን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፈዋል። እሑድ ግን አይሆንም። «ሁላችን ከአንድ የቁርባን መንበር ተነሥተን መጥተን፣ ቤታችን ስንደርስ ቋሚና ተቀማጭ የምንሆነው በምን ሒሳብ ነው?» ይላል። ስለዚህ እሑድ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ እናቴ በቀኙ፣ እኛ ልጆች ዙሪያውን፣ ቤት ውስጥ የምትሠራው ብሪቱም ከእኛው ጋር። የማዕዱን ጸሎት ደግሞ በየተራ እናደርሳለን። ተራው ውኃ እንደመቅዳት ነው፤ የደረሰበት አይዘልም።

ስለ ጠረጴዛው ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። የዋንዛ ነው። ክረምት ላይ የሥራ ቤቱ ጣሪያ ስላፈሰሰ አባቴ ሳሎናችን ውስጥ ሠራው፤ ሲጨርሰው በበሩ አልወጣ አለ። አናጢ ሆኖ የገዛ ቤቱን በር ሳይለካ! ከተማው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማን ሊያወጣው ነው?»

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታላቅ እህቴ ማርታ አንድ መምህር ወደደች። መምህሩ ከወንጌላውያኑ ወገን ነው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን ሁልጊዜ የሚጠርግ ልጅ። ቄሱም አውቀው ለእንዲህ ያለ ጋብቻ ከጳጳሱ የሚፈለገውን ፈቃድ እንደሚያስገኙ ተናግረው ነበር። የቀረው ሽምግልናው ነው። ሽማግሌዎቹም አባቴን ከቤት ለማግኘት ብለው፣ ከሁሉ ቀን መርጠው፣ እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ከች አሉ።

ሁለት ነበሩ። አንዱ የመምህሩ አባት ኦቦ ቶሌራ፣ የከተማችን ነጋዴ ናቸው። ሌላው አቶ ደምሴ፣ ከጎጃም የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፤ አንደበታቸው ስለሚፈራ ለሽምግልና የሚመረጡ ሰው። በወጉ መሠረት በር ላይ ቆሙና ቃል ካልሰማን አንቀመጥም አሉ። አባቴ ዛሬ እሑድ ስለሆነ ከምሳ በፊት ጉዳይ እንደማይነካ ነግሮ ወደ ጠረጴዛው ሳባቸው። ተቀመጡ።

እስካሁን ደህና ነው። ዞር ስል እናቴ የለችም። ማርታን ይዛ ጓዳ ገብታለች።

«ጫልቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አለ አባቴ።

«እናንተ ብሉ፤ እኛ በኋላ እንደርሳለን» አለች እናቴ ከጓዳው።

«እንግዲያው እኔም በኋላ እደርሳለሁ» አለና ከወንበሩ ጀርባ ቆመ።

ባለቤት ቆሞ እንግዳ ተቀምጦ አይበላምና ሽማግሌዎቹም ተነሡ። እኛ ልጆችም ተነሣን። የአገራችን ሥራ ሥር አንጮቴው በቅቤ ተለውሶ፣ የዶሮው ወጥ እየጨሰ፣ ሁላችንም እንደ ሐውልት ዙሪያውን ቆመን ምግቡን እናያለን። እኔ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሆዴ ሲጮህ ኦቦ ቶሌራ ዞረው አዩኝ።

አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «ጌታው» አሉ፣ «ሴት ከሽማግሌ ጋር ለማዕድ የምትቀርብበትን አገር አላውቅም። እኛ የመጣነው በወጉ ነው። ካልሆነ የመጣንበት መንገድ አልጠፋንም።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ምግብ ሳይቀምስ ከቤት ከወጣ ተመልሶ አይመጣም። የማርታ ነገር እዚያው ላይ ያበቃል ማለት ነው። እሷም ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። አባቴም አያት። ግን ወንበሩን እንደያዘ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄበት ነበር። አንድ እሑድ ቢዘለል ምን ይሆናል ብዬ።

ነገሩን የፈታችው እናቴ ናት። ማርታን ቀና ብላ አየቻት፣ ሽርጧን ፈታች፣ መጣችና በቦታዋ በአባቴ ቀኝ ቁጭ አለች። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ከታች ወደ ላይ እያየች፣ «ታኣ ካ፣ ተቀመጡ እንጂ፤ እኔ እኮ ተቀምጫለሁ» አለች።

ኦቦ ቶሌራ ሳቃቸው አመለጣቸውና ተቀመጡ። አቶ ደምሴ ብቻቸውን ቆመው መቅረቱ አላማራቸውም መሰል፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ እንደሚነሣ ሰው ሆነው አረፍ አሉ። ማርታና ብሪቱም መጡ። አቶ ደምሴ እንደ ታላቅነታቸው ሊባርኩ ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ ብሪቱ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ተራው የማርታ ነው» አለች።

ልብ በሉ። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ቀን ድምፅዋ ቀርቶ ኮቴዋ አይሰማም። አባቴ ተራውን ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን ወደ ማርታ ራሱን ነቀነቀ። እህቴ ተነሥታ አማተበች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክልን። የመጡልንን አባቶች ባርክ። ወደምሄድበት ቤትም እንዲህ ያለ እሑድ ስጠኝ፤ እናት የምትቀመጥበት፣ ማንም ቆሞ የማይቀርበት። አሜን።»

«አሜን» አልን ሁላችንም። የወንጌላውያን አሜን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የኦቦ ቶሌራ ቤቱን ሞላው። አቶ ደምሴም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ሰው ጸሎት ሲያልቅ አፉን ዘግቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ለምኑ አሜን እንዳሉ የገባቸው ቆይቶ ነው፤ እጃቸው እንጀራው ላይ ቆም ሲል አየሁት። ግን በሉ። አንጮቴውንም ደገሙ።

ምሳው ሲያልቅ አቶ ደምሴ ያዘጋጁትን ንግግር ሊጀምሩ ተነሡ። ኦቦ ቶሌራ የሰውየውን ጋቢ ሳብ አደረጉና፣ «አቶ ደምሴ፣ ይተዉት» አሉ። «ልጅቷ ጠየቀች፣ እኛ አሜን አልን። ከዚህ በኋላ ምን ቀረን?»

እንዲህ ሆነላችሁ። በነቀምቴ ታሪክ ሽማግሌ ልኮ ሳይሆን ሽማግሌ አስቀምጦ ያገባ ሰው ቢኖር እህቴ ማርታ ናት። እናቴ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ወጣ። አባቴ ልጁ ከእሑዷ እንዳትለይ ይህን እላለሁ፣ ያን አስፈርማለሁ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ የከረመው ንግግር ነበረው፤ አንዱም ሳይፈለግ ቀረ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ኦቦ ቶሌራ አባቴ ሥራ ቤት መጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ቡናው አወሩ፣ ጣውላውን በእጃቸው ዳሰሱ። በመጨረሻ ጠረጴዛ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። አባቴ ለሙሽሮቹ መስሎት ጀምሬዋለሁ ሲላቸው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ለእኔ ቤት ነው፣ ኦቦ ማርቆስ። ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ፣ አሜን ያልከው ለልጅህ ቤት ብቻ ነው ወይ አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ለስንት ሰው ይሁን?» አለ አባቴ ሳቁን ውጦ።

«እሱን እሷ ትነግርዎታለች። እኔ የተላክሁት በሩን አደራ ይለኩ ለማለት ነው።»

አባቴ ሜትሩን ይዞ ሄደ። በሩን ከላይም ከጎንም፣ ኦቦ ቶሌራ እያዩት፣ በጥንቃቄ ለካ። ከዚያ ጣውላውን ሳሎን አስገብቶ፣ ጠረጴዛውን እዚያው ውስጥ፣ ከበሩ አንድ ክንድ አስፍቶ ሠራው።