ለድሃ ያዘነው መደብር

በሰፈራችን ድሃ መብዛቱ በጥናት ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለድሃ የሚያዝን የቅናሽ መደብር ተከፈተልን። በምርቃቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ድርጅቱ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ለማድረግ ቆርጦ መነሳቱን አበሠረን። አልዋሸም። ቆርጦ መነሳቱን ሳሙናው ይመሰክራል፤ መዳፍ በማትሞላ እሽግ ተቆራርጦ ነው የቀረበልን።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ልብስ አጣቢዋ ነበረች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው የሰው ልብስ እያጠበች ስለሆነ፣ የዕለት ገቢዋ የሚገዛላት የዕለት ሳሙና ብቻ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የምታጥብላት ሐኪም ልብሷን እንድታጥብበት ትልቅ የሳሙና ከረጢት አቀበለቻት። ዋጋው ላዩ ላይ ተለጥፏል። አጣቢዋ በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። እሷ ለዚያ ያህል ሳሙና የምትከፍለው እጥፉን ነበር።

መደብሩ ሄዳ ትልቁ ለምን እንደማይሸጥ ጠየቀች። ገንዘብ ተቀባይዋ በትሕትና አስረዳቻት፦ ደንበኞች ከባድ ዕቃ በመሸከም እንዳይጎዱ ታስቦ ነው። አጣቢዋ ያን ቀን ጠዋት የአሥራ አንድ ሰው እርጥብ ልብስ ሦስተኛ ፎቅ አውጥታ ነበር። ሆኖም በልዩ ትዕዛዝ ማስመጣት እንደሚቻል፣ ገንዘብ ካነሳትም እዚያው ጥግ ላይ የፈጣን ብድር መስኮት እንዳለ ተነገራት።

ብድሩ በእርግጥም ፈጣን ነበር። የቅጽ፣ የአገልግሎት፣ የመድን እየተባለ ከላዩ ሲነሳ፣ በእጇ የቀረው ትልቁን ከረጢት አልገዛ አለ። ትንንሾቹን ግን ይገዛ ነበር፤ ገዛች። ከዚያ በየሳምንቱ መክፈል ሆነ። በስምንተኛው ሳምንት ትልቋ ልጇ ደብተሯን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ከሳፋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ለጊዜው ነው፣ እማዬ» አለቻት።

እናትየዋ ልብሱን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻት።

በዓመቱ መጨረሻ መደብሩ አጣቢዋን «የዓመቱ አርአያ ቆጣቢ» ብሎ ሸለማት። በዓመት ውስጥ ከእሷ የበለጠ ትንንሽ እሽግ የገዛ አልተገኘም። ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀቱን ሲዘረጋላት፣ በወረቀቱ ፈንታ አንድ ትልቅ ከረጢት ሳሙና ቢሰጧት እንደምትመርጥ ነገረችው። ሰውየው ጎንበስ አለና፣ እንደሚያዝንላት ሰው በለሆሳስ፦

«እትዬ፣ ትልቁን ከሰጠንዎት ነገ ምን ሊገዙ ይመጣሉ?» አላት።

በዓመቱ ውስጥ ያ መደብር በነፃ የሰጠው ነገር ቢኖር ይህችን እውነት ብቻ ነው። አጣቢዋ አመስግና ወጣች፤ የሰማችውን የውኃ ወረፋ ለሚጠብቁ አምስት ሴቶች አንድም ቃል ሳትጨምር ነገረቻቸው። ከዚያ የሳምንት ሳሙናቸውን ገንዘብ አዋጡና ከጅምላ አከፋፋይ አንድ ጆንያ አስመጡ። በቀጣዩ ሳምንት ዘይት፣ በሦስተኛው ስኳር አስከተሉ። ሌላውም ሰፈርተኛ እየመጣ ተቀላቀላቸው። በአራተኛው ወር የአጣቢዋ ብድር አለቀ፤ ልጅቷም ደብተሯን አንስታ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ በኀዘን ተሞልቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈ፦ «በአካባቢው ድህነት አሳሳቢ በሆነ ፍጥነት እየቀነሰ በመምጣቱ፣ ቅርንጫፋችን ድሃን የመርዳት ዓላማውን ለማሳካት ተቸግሯል። ስለሆነም አስተማማኝ ድህነት ወዳለበት ሰፈር እንድንዛወር በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል።