እያየች እንዴት ይበላል?

ሰው እያየው መብላት የማይሆንለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሆሳዕናዋ ጎረቤቴ እትዬ ታደለች እንዲያ ናቸው። ልጃቸው ቤት ውስጥ ሊያሳድጋት ከደቡብ አፍሪካ ያመጣት ጺማም እንሽላሊት የመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ሆና ገበታውን ታያለች፤ ለጸሎት ሁላችን ዓይናችንን ስንጨፍን እሷ ብቻ አትጨፍንም።

«እማዬ፣ ጎመን በየቀኑ ትንሽ፣ ፌንጣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃታል» ይላል ልጁ።

«እያየችኝ እንዴት ይወርድልኛል?» ይላሉ እትዬ። በተበላ ቁጥር ፌንጣ ይቀርብላታል። በመጨረሻ ሆዷ ከእግሯ ቀድሞ መሬት ነካ።

ልጁ ሲጨንቀው በምግብ ሰዓት ሳጥኑን በመጋረጃ ይጋርድ ጀመር። እንሽላሊቷ ቀጠነች። እትዬም ደህና አድርገው ይበላሉ፤ አንድ ቀን እንኳ «በልታለች?» ብለው አልጠየቁም።

የከተማችን ቪላዎች አጥር ለምን ያን ያህል ከፍ እንደሚል የገባኝ ያኔ ነው።