ባለቤት የሌለው ድምፅና ቁራኛው

ሰው ከሥራ ሲመለስ የሚጠመድበት ነገር አያጣም። አንዱ እርግብ ያረባል፣ አንዱ ጓሮው ገብቶ ጽጌረዳ ይኮተኩታል፣ ሌላው የጎረቤቱን ነገር ይኮተኩታል። እኔ ደግሞ በጎልማሳነቴ የምሰበስበው ባለቤታቸው ያልታወቀ ድምፆችን ነበር። አትሳቁብኝ። ድምፅ ቀለብ አይጠይቅም፣ ቦታ አይዝም፣ ቢጠፋም ለፍለጋ አያስወጣም ብዬ ነው የጀመርኩት። እጅ ሰንሰለት ውስጥ ያስገባል ብሎ የመከረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ሊመጣ ነው፣ ተነሣ፣ ደረሰ እየተባለ ከተማው በወሬ በሚታመስበት ጊዜ ነው። ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ያን ጊዜ አራዳ ነው። እኔ ፋኖስና የሸክላ ማጫወቻ በሚሸጥ አንድ ግሪክ ሱቅ ውስጥ አስተርጓሚም ሻጭም ሆኜ አገለግል ነበር። ግሪኩ ለራሱ አዲስ ራዲዮ ሲያስመጣ አሮጌውን ለእኔ ተወልኝ። አሮጌው የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ በመኪና ባትሪ ይሠራል። ከጣራዬ እስከ ጓሮዬ ባሕር ዛፍ ድረስ ሽቦ ዘረጋሁለት። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ያለችው ቤቴም በዚያ ሽቦ ምክንያት የሰፈሩ መነጋገሪያ ሆነች።

መሸት ሲል ቁጭ እላለሁ። ትልልቆቹ የአውሮፓ ጣቢያዎች ስማቸውን ይናገራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይፎክራሉ። እኔ እነሱን አልፈልጋቸውም። በሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች መካከል ቁልፉን ቀስ አድርጋችሁ ብታዞሩት፣ ትንፋሻችሁንም ያዝ ብታደርጉት፣ ሌሎች አሉ። ደካሞች ናቸው፤ ድምፃቸው ከትንኝ አይበልጥም። ቃል የሚባል አይወጣቸውም። አንዲት ምልክት ይዘው ጥ ጥ ጥ ይላሉ፣ ረዘም ያለች ጢ ያስከትላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ማን ይልካቸዋል? ለማን? ግሪኩን ብጠይቀው ሥራህን ሥራ አለኝ። እኔ ግን ስም አወጣሁላቸው። አንዱ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ሳለኛው ነው፤ አንዷ ከሁሉ ኋላ ስለምትደርስ እመት ቆይታ ናት። ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያልኩ እንደ ማኅበር ሙሴ እቆጣጠራቸዋለሁ።

እውነቱን ልናገርና ከደስታው ይልቅ የሚስበኝ ፍርሃቱ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት እንዳለ በማላውቀው ቦታ ሆኖ፣ ለእኔ ያላለውን ነገር በጆሮዬ ይነግረኛል። ያ ደህና ፍርሃት ነው፤ ማዳመጫውን ስታወልቁት አብሮ ይወልቃል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን አንድ አዲስ መጣ። ከሌሎቹ ጎላ ይላል። ጎላ ማለቱ ቅርብ መሆኑ ነው እንዴ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ጀመር፤ ማዳመጫውን ባወልቅም አይለቀኝም። ለዚህኛው ስም ማውጣት አልደፈርኩም።

ከግድግዳዬ ማዶ አቶ ወልደጋብር የሚባሉ ብር ሠሪ ይኖራሉ። ከመረብ ማዶ፣ ጣሊያን ከያዘው አገር፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ ለተብርሃንን ይዘው ከመጡ ቆይተዋል። ለአራዳ ሴቶች የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሠራሉ። ቀን ገበያ ስለሚውሉ መዶሻቸው የሚነሣው ማምሻውን ነው፤ እኔ ማዳመጫዬን በማጠልቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። ከፊት ለፊታችን ደግሞ ባላምባራስ ተክሌ አሉ። ባላምባራስ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውና ጆሯቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

አንድ ቀን ባላምባራስ አውሮፓን ልስማ ብለው መጡ። ማዳመጫው ለሁለት ይከፈላልና አንዱን ለሳቸው ሰጥቼ አንዱን ያዝኩ። አውሮፓ አልመጣም፤ የመጣው ያ ስም የለሹ ነው። ጥ ጥ ጥ ይላል። ይህ የማን ነው አሉኝ። አይታወቅም አልኳቸው። ማዳመጫውን ሲያወልቁ ከግድግዳው ማዶ የአቶ ወልደጋብር መዶሻ ብሩን ይቀጠቅጣል። ባላምባራስ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩና ጠጃቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እሳቸው ጠጅ ትተው ከወጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በማግስቱ የአራዳ ዘበኞች መጡ። ሰላይ ተገኝቷል፤ ብር ሠሪው በመዶሻ ለጣሊያን መልእክት ይልካል፤ ሽቦውም ጣራ ላይ ነው አሉ። ሽቦው የእኔ ነው ብል የዘበኞቹ አለቃ ደስ አለው። እንግዲያው ሁለት መንገድ አለህ አለኝ፤ ወይ የሱን ድምፅ ሰምተሃል፣ ወይ ድምፁ ያንተ ነው። ባላምባራስማ ወሬ ነጋሪ እንጂ ከሳሽ አይደሉም፤ የራዲዮ ነገር አላውቅም ብለው ገና ከበሩ ላይ ሸሽተዋል። ድምፁን አዘውትሮ የሰማ ሌላ ሰው ስለሌለ ከሳሹ እኔ ሆንኩ። ልከስ አልፈለግሁም ብል ማን ጠየቀህ አሉኝ።

ቁራኛን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ላስረዳ። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይታሰራሉ። ቀላል ነገር ከሆነ የነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ የስለላ ነገር ሲሆን ግን ሰንሰለት ነው። ወህኒ አያስፈልግም፤ አንዱ ለሌላው ወህኒ ነው። የአቶ ወልደጋብር ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር ተቆለፈ። የዘበኞቹ አለቃ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ የሕጉን ጭራ አስታወሰኝ፦ ካስረዳህ እሱ ይሰቀላል፤ ክስህን ካላስረዳህ ወይም ከተውከው የሱ ቅጣት ያንተ ነው። ሰው የሚሰቀልበት ዛፍ ገበያው ዳር ነው። በሥሩ ስንቴ ተመላልሻለሁ፤ ቀና ብዬ ቅርንጫፉን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከሥሩ ቆሜ ቀረሁ። አቶ ወልደጋብር በሰንሰለቱ ጎትተው ወሰዱኝ።

ቤታቸው ገባን። ወይዘሮ ለተብርሃን ምግብ አቀረቡ። አስቡት እንግዲህ፤ የሰውየው ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ ጋር ታስሯል፣ በግራ መብላት ነውር ነው። ስለዚህ ከሳሹ እኔ ተከሳሹን ማጉረስ ጀመርኩ። እኔ አጎርሳለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ ይውጣሉ። ወይዘሮዋ ውኃ አስታጠቡን። ከታጠብን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ነገ ችሎት ፊት ምን ልትል ነው?»

የድምፁ ሰዓት መድረሱን አውቄ ነበርና አቶ ወልደጋብርን ወደ ቤቴ እንሂድ አልኳቸው። እሳቸው ይህን ራዲዮ የሚሉትን ነገር ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ማዳመጫውን ከፍዬ አንዱን በሳቸው ጆሮ፣ አንዱን በኔ አደረግሁ። ሰንሰለቱ ጉልበታችን ላይ ተጋድሟል። ቁልፉን በቀኝ እጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ባይመጣስ? ቢመጣስ? የትኛው እንደሚሻለኝ አላወቅሁም። መጣ። ጥ ጥ ጥ፤ ረዥሟ ጢ፤ ዝም።

አቶ ወልደጋብር ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ በሰንሰለት የታሰረውን ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ የኔም ግራ አብሮ ተነሣ።

«ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ይህ እጅ አሁን የት ነው ያለው?»

«ከእኔ ጋር» አልኳቸው።

«ይህንኑ ነገ ትላለህ?»

እላለሁ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ያ ቅርንጫፍ ዓይኔ ላይ ተደቅኗል። የሰውየው ንጽሕና እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆኖልኝ፣ እሱን መናገር ግን አንገቴን በሳቸው አንገት መለወጥ መሆኑን አውቄ፣ ዝም አልኩ። እሳቸውም አልደገሙልኝም። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዳችን በተገላበጥን ቁጥር ሌላችንን ሰንሰለቱ ይቀሰቅሰናል።

ጠዋት ችሎት ቀረብን። ዳኛው ሽበታም፣ ባለ ካባ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ስማችን ተጠርቶ ስንቆም ሰንሰለቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቅጭልጭልታው ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ዳኛው አቶ ወልደጋብርን በትዝብት አይተው ጥፋት ያለበት ሰውነቱ ይነግርበታል አሉ። ሰዉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሚንቀጠቀጠው ግን የኔ እጅ ነበር። ሰንሰለት የማን እጅ እንደሚያናውጠው አይናገርም። አቶ ወልደጋብር ይህን ያውቃሉ፤ ቢሆንም አላጋለጡኝም። እንደ ድንጋይ ቆመው የኔን ፍርሃት በስማቸው ተቀበሉ። ይህን ሳይ አፌ ከእኔ ሳይማከር ተከፈተ።

ጌታዬ፣ ድምፁ ትናንት እኚህ ሰው ከእኔ ጋር ታስረው ሳለ ተሰምቷል፣ ቀኝ እጃቸው እጄ ላይ ነበር፣ እሳቸው አይደሉም አልኩ። ዳኛው ምስክር ጥራ አሉኝ። አቶ ወልደጋብር አሉ ብል ተከሳሽ ለራሱ አይመሰክርም፤ እኔ አለሁ ብል ከሳሽ ለተከሳሹ አይመሰክርም። እንግዲህ ክስህን መተውህ ነው፣ የሚከተልህንም ታውቀዋለህ አሉኝ። አውቀዋለሁ አልኩ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው መሰለኝ። ዳኛው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ይህን ድምፅ ማምሻውን በገዛ ጆሮዬ እሰማዋለሁ፣ ካለ ሁለታችሁም ትፈታላችሁ፣ ከሌለ አንተን አያድርገኝ አሉኝ።

ማምሻውን በበቅሎ መጡ። ሰፈሩ በሙሉ ግቢዬን ሞልቶታል፤ ባላምባራስ ከሁሉ ፊት ናቸው። ዳኛው ከወንበሬ ተቀመጡ፣ አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋቸው፣ ሌላውን በጆሮዬ ያዝኩ። አቶ ወልደጋብር ከጎኔ ቆመዋል። ቁልፉን ወደማውቀው ቦታ አዞርኩ።

ምንም የለም።

ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ወደ ግራ ትንሽ። ሹሹታ ብቻ ነው። ሳለኛው እንኳ የለም። እነዚህ ደካማ ድምፆች እንደ አየሩ ጠባይ የሚመጡበትም የሚቀሩበትም ቀን እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለማን አስረዳለሁ? በልቤ ጊዮርጊስን የሰማዕታት አለቃ እያልኩ ለመንኩት። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሰዉ የዳኛውን ፊት ያያል። ዳኛው አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው በዙሪያቸው ያለውን ሕዝብ አዩ፤ አንገቱን አስግጎ የሚጠብቀውን። እንደገና ጨፈኑ። ከዚያ ራሳቸውን በዝግታ መነቅነቅ ጀመሩ።

«ይሰማል» አሉ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ማዳመጫውን ጫን አደረግሁት፤ ከሹሹታው በቀር ምንም የለም። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ይሰማሃል አይደለም? በንጉሥ አምላክ ተናገር።»

ትናንት እውነቱን መናገር ያን ያህል ተናንቆኝ ሳለ፣ ዛሬ ውሸቱ ያለ አንዳች ችግር ከአፌ ወጣ። ይሰማኛል ጌታዬ አልኩ። ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ብዬ ጨመርኩበት። ዳኛውም ተነሥተው ድምፁ መኖሩን በጆሯቸው እንዳረጋገጡ፣ የብር ሠሪው እጅም በሰንሰለት እንዳለ በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ሰንሰለቱ ተፈታ። አቶ ወልደጋብር የእጃቸውን አንጓ እያሹ አዩኝ፤ ወይዘሮ ለተብርሃን እልል ሳይሉ፣ ሳይናገሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እፍረት የሚባል አልቀረኝም ነበር።

ነገር ግን ዳኛ ዳኛ ነው። የተፈታው ሰንሰለት በዘበኛው እጅ እንደተንጠለጠለ ወደ ሕዝቡ ዞሩና እንግዲህ ድምፁ አለ፣ ባለቤቱ ግን አልታወቀም፣ ይህን የሚከስ ማን ነው አሉ። መጀመሪያ ወሬውን ያመጡት ባላምባራስ አይደሉም ወይ ብለውም ተመለከቷቸው። ባላምባራስ እሳቸው ከድሮም ጆሯቸው እንደሚደክም፣ የዚያን ቀንም ምንም እንዳልሰሙ አስረዱ። ከኋላ ያሉት ከብት ማስገባት ትዝ አላቸው። ወፍጮ ቤት የሚሄድ፣ ጸሎት የሚደርስበት፣ ሚስቱ የምትጠብቀው በዛ። ትናንት ሰላዩን ሁሉም ሰምቶት ነበር፤ እጅ የሚጠይቅ ሰንሰለት ሲቀርብ የሰማ ጠፋ። ግቢዬ በአንድ አፍታ ተራገፈ።

ዳኛው በቅሏቸው ላይ ወጡ። እጅ ነሥቼ ልመለስ ስል በጣታቸው ጠሩኝ። ዘበኞቹን ፈቀቅ አድርገው፣ ከኮርቻው ጎንበስ ብለው፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ለመሆኑ ድምፁ ምን ዓይነት ነው? ከበላይ የሚጠይቀኝ አይጠፋም።»

የበቅሎዋን ልጓም እንደያዝኩ፣ ጥ ጥ ጥ አልኳቸው፤ ረዥሟን ጢም አልረሳሁም።

«ድገመው እስቲ» አሉኝ።

ባላምባራስ እንዳይሰሙኝ ግራ ቀኜን እያየሁ ደገምኩላቸው።