እሜቴ በረኪና ደረጃ ላይ ያሰጡት ቤት

በየቤተዘመዱ አንዲት መቀመጥ የማታውቅ ሴት አለች። የለችም የሚል ካለ፣ ወይ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ ሴትዮዋ አሁን እሱ ቤት ስላለች ጮክ ብሎ መናገር ፈርቷል። ይህች ሴት በእንግድነት ትመጣለች፤ ወንበር ሲሳብላት ገልብጣ እግሩን ታያለች። ሻይ ሲቀርብላት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ እንደ ራጅ ትመረምረዋለች። "አትልፉ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት" ትላለች። ዝም ብሎ ከመጣ ሰው ቦርሳ ግን የጎማ ጓንት አይወጣም። ባለቤቶቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ጓዳው ተይዟል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ሥልጣን ከእጅ ወጥቷል። ጥይት ሳይተኮስ መንግሥት የሚገለበጠው እንዲህ ነው።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ለሆነው የማተሚያ ቤት አራሚ የደረሱት ታላቅ እህቱ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲያስተዳድሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የወጡት የጉልበት ሕመምና የበረኪና ሽታ ነው። ሽቶ ቢነሰነስባቸው አይሸፈንም። ስለዚህ ቤተዘመዱ በፊታቸው "እትዬ"፣ ከኋላቸው "እሜቴ በረኪና" ይላቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም ይባላል። ያወጣው አራሚው ነው።

የእሜቴ በረኪና ገድል ብዙ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሐዘንተኛውን ሁሉ እግሩን አስነስተው ከአግዳሚው ሥር ወልውለዋል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ሲጠብቁ፣ ጥግ ላይ የቆመውን አበባ ቅጠሉን አንድ በአንድ በመሐረብ ጠርገው ጨረሱት፤ አስተናጋጇ አበባው የላስቲክ መሆኑን ብትነግራቸው፣ "ታዲያ የላስቲክ ቢሆን ፊቱን አይታጠብም?" አሉ። ለጉልበታቸው ሆስፒታል ሲተኙ እንኳ፣ ገና ከማደንዘዣው በደንብ ሳይነቁ፣ ነርሷን በጣታቸው ጠርተው አንሶላውን አስዳሰሷት። "የኔ ልጅ፣ ይሄ አልተለቀለቀም። ሳሙናው ይቆረቁራል። ማነው አሁን እዚያ ታች ያለው ኃላፊ?"

የሚመሩበትም ትምህርት አላቸው፤ ትምህርቱ ከልብስ ማጠቢያው የመጣ ነው። ከረጢቱ ሳይራገፍ ልብስ አይታጠብም፤ ቤትም ሳይራገፍ አይጸዳም። ሌላው ሰው አልጋውን ገፋ አድርጎ ይጠርጋል። እሜቴ አልጋውን ከቤት ያስወጣሉ። ቁም ሣጥኑም ይወጣል፣ ምንጣፉም ይወጣል፣ ባለቤቱም እግሩ ሥር ቆሻሻ አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ይወጣል።

አራሚው ይህን ሁሉ እያወቀ ምን ቆርጦት ጠራቸው? አልጠራቸውም። የሾርባ አሠራር ብቻ ነበር የጠየቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራሚው አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየው አፓርታማ የሚኖረው ብቻውን ነው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ከልጁ ጋር ነበር፤ አባትና ልጅ በየክፍላቸው ተዘግተው፣ ዳቦና እንቁላል እየተቀባበሉ ኖሩ። አንድ ቀን ልጅቱ ቦርሳዋን አዘጋጅታ በሩ ላይ ቆመችና፣ "አባዬ፣ እዚህ ቤት ምግብ አይሸትም" አለችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው ነበር የተናገረችው። ከዚያም ወደ እናቷ እናት ቤት ሄደች። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ሲሰብርና ሲጠግን የሚውለው ሰውዬ ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ቢያገላብጣት የሚታረም ስህተት አጣባት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ትቀመጣለች፤ "እንዴት ነህ?" ትላለች፤ ትሄዳለች። አሁን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ልትጀምር ነው። አንዱ ትምህርት ቤት አያቷ ሰፈር፣ አንዱ እዚህ አባቷ ሰፈር ነው። "እሁድ ከሰዓት መጥቼ የቱ እንደሆነ እነግርሃለሁ" ብላው ስልኩን ዘጋች። አንዴ እዚያ ከተመዘገበች በኋላ እንደማትመለስ አባትየው አላጣውም።

ስለዚህ ለእህቱ ደወለ።

"እትዬ፣ የዶሮ ሾርባ እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ድስት አለህ?"

"አለኝ እንጂ።"

"ምን ይመስላል?"

"ድስት ይመስላላ። ጥቁር፣ ትልቅ።"

በስልኩ ውስጥ የቦርሳ ዚፕ ሲሳብ ተሰማ።

"አንተ ልጅ፣ ያን ድስት ለሰርጋችሁ የገዛሁት እኔ ነኝ" አሉ እሜቴ በረኪና ቀስ ብለው። "ነጭ ነው። መጣሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ከተፍ አሉ። ሰላምታ አልሰጡም፤ አሸተቱ። ማቀዝቀዣው አናት ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ለወንድማቸው አሳዩት። "ይሄ አቧራ ጢም አብቅሏል። ልጅም ሳይወልድ አይቀርም።" የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት፣ በአንድ ወቅት ሎሚ እንደነበረ የሚጠረጠር ነገር ከጥግ ብቅ አለ። እሜቴ አልሳቁም። እንዲህ ያለውን ነገር እንደ አስከሬን ነው የሚያነሱት፤ በሁለት ጣት፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው።

አራሚው በዚህ ጊዜ የተከራዮችን ሁሉ የጥንት መከላከያ አነሳ። ይህ መከላከያ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣ፣ የሰነፍ ሁሉ ሕገ መንግሥት ነው።

"እትዬ፣ ቤቱ እኮ የኔ አይደለም። የሰው ግድግዳ ነው። ለማን ብዬ ነው የምፈገፍገው?"

"ጥላሸቱን በአፍንጫው የሚስበው ማነው? አከራይህ ነው? ሳንባህንም ተከራይተህ ከሆነ ንገረኝ፣ እተወዋለሁ። ይልቅ ያን ባልዲ አቀብለኝ።"

አቀበለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጻነቱን አጣ። ቅዳሜን ሙሉ ወገቡን ታጥቆ ምድጃ ሲፈትግ፣ ከመስኮት ሐዲድ ቆሻሻ በጥርስ ብሩሽ ሲያወጣ ዋለ። ልቡ ውስጥ ግን የተቃውሞ ጽሑፍ እያረቀቀ ነበር፤ ርዕሱ፣ መግቢያው፣ የጨቋኟ ማንነት፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። የጎደለው እጁን ከባልዲው አውጥቶ የሚጽፍበት ጊዜ ነው። ወደ ማታ ላይ ድስቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። አራሚው በድስቱ ቂጥ ውስጥ የራሱን ፊት አየ፤ ከጠበቀው በላይ አርጅቷል።

እሁድ ጠዋት ቁርሱን ሳይውጥ አዋጅ ታወጀ፤ ቤቱ ይራገፍ።

"እትዬ፣ ልጅቱ ዛሬ ነው የምትመጣው" አለ አራሚው።

"ከሰዓት አይደል ያለችው? ሾርባም ጊዜ ይፈልጋል፣ ግድግዳም ጊዜ ይፈልጋል። አብረው ይሂዱ።"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሶፋው ወጣ። ጠረጴዛው ወጣ። የመጻሕፍቱ ካርቶን፣ የአባትየው አልጋ፣ የልጅቱ አልጋ፣ ተለጣፊ ሥዕል ያለበት የማጥኛ ጠረጴዛዋ፣ ሁሉም ከበሩ ፊት ያለውን ኮሪደር ሞልቶ ወደ ደረጃው ፈሰሰ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ በውኃ ስለራሰ ማብሰያውም ወጣ። ኤክስቴንሽን ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊው ቤት ተጎተተ፤ ዶሮው ከካሮትና ከሽንኩርቱ ጋር ነጩ ድስት ውስጥ ገባና፣ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ በሶፋና በቁም ሣጥን መካከል መንተክተክ ጀመረ።

ልብስ ሰፊው ገመዱን ተከትሎ ወጣ። ሶፋውን አየ። አልጋውን አየ። አንገቱን ነቀነቀ።

"ሳትነግረን እንዲህ ይኬዳል?"

"የት ይኬዳል? ጽዳት ነው እኮ።"

"እሺ፣ ጽዳት ነው" አለ ልብስ ሰፊው፣ የአራሚውን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። "ሰው ሲከፋው እንደዚህ ነው የሚለው። አከራይህ ድሮም ፊቱ አያምረኝም ነበር።"

ልብስ ሰፊው መልካም ሰው ነው፤ ወሬ ግን እንደ ክር ነው የሚተረትረው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሜትር ይዘው ከተፍ አሉ። ቤት የሚለቀቅ አለ ተብለው ነው የመጡት። እሜቴ በረኪና ቀና ብለው አዩአቸውና፣ "እጃችሁ ባዶ ነው? በሉ ያችን ፍራሽ ጣሪያው ላይ ፀሐይ አስመቱልኝ" አሉ። ባልና ሚስት እርስ በርስ ተያዩ፤ ፍራሹን ተሸክመው ወጡ። ለምን እንደታዘዙ ሲጠየቁ እነሱም አያውቁትም ነበር። እሜቴን ያየ ሁሉ የሚታዘዘው እንዲህ ነው።

ልጅቱ ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች። ዋናው በር ላይ ልብስ ሰፊው አገኛት። "አይዞሽ ልጄ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤት አይጠፋም። ዋናው ጤና ነው።"

ደረጃውን በሩጫ ወጣች። አባቷ የላስቲክ ከረጢት ራሱ ላይ አጥልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባዶ በቀረው ቤት ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ የግድግዳውን ግርጌ ዞኮሎ በጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍግ ደረሰችበት። እሷ ግን ያየችው አልጋዋን ነው፤ ደረጃው ላይ ቁሞ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"የትም" አለ አባትየው ደንግጦ ብድግ እያለ።

"አልጋዬንስ? ለማን ልትሰጠው ነው?"

"ኧረ ልጄ፣ ማንም..."

"እኔ እኮ ልመለስ ነው የመጣሁት" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ይሄንኑ ልነግርህ። እዚህ ሰፈር ልመዘገብ። አንተ ደግሞ ሳትነግረኝ ቤቱን ልትለቅ።"

አራሚው የላስቲክ ከረጢቱን ከራሱ ላይ አወለቀ። የጥርስ ብሩሹ ከእጁ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። የሰውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲያከብብ የኖረ ሰው፣ እንዲህ ያለ የሚያምር ስህተት ገጥሞት አያውቅም፤ ማረምም አልፈለገም። ይህን የሚያህል ዘመቻ ከመታወጁ፣ ድስቱ ከመንጣቱ፣ ጉልበቱ ከመላጡ በፊት ልጅቱ ወስና ነበር ማለት ነው። ጥቁሩን ድስት መፈተጉም ሾርባውም አያስፈልግም ነበር።

"ለምን?" አለ በመጨረሻ። የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፤ ግን አመለጠው።

ልጅቱ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አያቴ ቤት ሁሉም ሰው አንድ ላይ ነው የሚያወራው። ጥሩ ነው። ግን ጋዜጣ ላይ ስህተት አግኝቶ ብቻውን የሚስቅ ሰው የለም። ምን አግኝተህ እንደሆነ መጠየቅ ለምጄ ነበር።"

እሜቴ በረኪና ይህ ሁሉ ሲሆን ድስቱን ነው የሚያማስሉት። ፊታቸውን አላዞሩም። ለምን እንዳላዞሩ አራሚው ያውቃል፤ ሽንኩርቱን ከከተፉት ብዙ ቆይተዋል፣ ዓይናቸው ግን ገና ያነባል።

"ማንም የትም አይሄድም" አሉ ወደ ድስቱ። "ሚጡ፣ ነይ ቅመሺ፣ ጨው ይበቃዋል? ስትገቢ ደግሞ ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉ እርጥብ ነው።"

ልጅቱ ቀመሰች። "ትንሽ ይፈልጋል፣ አክስቴ።" ከዚያም ጃኬቷን አወለቀችና ሶፋው መደገፊያ ላይ ጣለችው፤ ደረጃ ላይ በቆመው ሶፋ ላይ መሐል ገብታ ተቀመጠች። ሾርባው እዚያው ተበላ። ልብስ ሰፊው "እኔስ መጀመሪያውኑ ጽዳት ነው ብያለሁ" እያለ ሳህኑን ይዞ መጣ። ባልና ሚስቱ ከጣሪያ ወርደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ቤት ስላላገኙ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጨመረላቸው። ሽታው ወደ ላይም ወደ ታችም ሄደ፤ በየፎቁ በር እየተከፈተ፣ "ምንድነው የሚሸተው?" ይባል ጀመር። የልጅቱ ጆሮ እያንዳንዱን ሰማ፤ አባቷን በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

ዕቃው ሲመለስ ቤቱ ሌላ ቤት መስሏል፤ መስኮቱ መስታወት ያለው አይመስልም። የልጅቱ አልጋ ቦታውን ያዘ። እሜቴ በረኪና ብሩሾቻቸውን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ኮታቸውን ደረቡ።

"እንግዲህ ልሂድ" አሉ። "የእኔ ሥራ አልቋል። ሰው ቤት ብዙ መቀመጥ ደስ አይለኝም።"

ይህች ሰዓት አራሚው ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ሲመኛት የነበረችው የነጻነት ሰዓት ናት። በር ላይ ቆሞ የሚሸኝበትን ቃል እንኳ አዘጋጅቶ ነበር። ልጅቱ ግን አየችው፤ እሱም ልጅቱን አየ። ከዚያ ዓይኑ በዚያ በሚያበራ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ፍለጋ ዞረ፤ ከግድግዳ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ መታጠቢያ ቤቱ ክፍት በር። እንደሚሰምጥ ሰው የሚጨብጠው ፈለገ፤ አገኘም።

"እትዬ፣ መታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ፣ እዚያ ጥጉ ጋ፣ ሻጋታ ነገር አለ ልበል?"

እሜቴ በረኪና ወደ ኮርኒሱ ቀና አላሉም። የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር።

"እንደገባሁ ነው ያየሁት" አሉ።