ሃይማኖት የሌለው ሥጋ

በሬ ሃይማኖት የለውም። ሲያርስ ቢውል፣ ገደል ገብቶ ቢሰበር፣ የሰው ማሳ ጥሶ ጤፍ ቢበላ፣ ማንም "የማን ወገን ነህ?" ብሎ አይጠይቀውም። ምስኪኑ በሬ ሃይማኖት የሚያገኘው አንገቱ ላይ ቢላዋ ሲያርፍ ነው። "ቢስሚላህ" ከተባለበት እስላም ሆኖ ይሞታል፤ "በስመ አብ" ከተባለበት ክርስቲያን ሆኖ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የኛ ጣጣ ይጀምራል። እኛ ወሎዎች አብረን እናርሳለን፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ልጅ ለልጅ እንጋባለን፤ አጎቱ ሼህ አክስቱ መነኩሲት የሆኑበት ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከጎረቤት አታልፉም። ያቺ የወጥ ድስት ብቅ ስትል ግን፣ እናንተ በዚህ እኛ በዚያ። ሥጋ እስኪቀርብ ድረስ አንድ ነን።

ይህን የምለው ላማርር አይደለም። ያደግሁበት ሥርዓት ነው፣ የሚከበርበትም ወግ አለው፤ ደጋሹ ክርስቲያን ቢሆን ለእስላም እንግዶቹ በሬውንም አራጁንም ለይቶ ያዘጋጃል፣ እስላሙም እንደዚያው። የማጫውታችሁ እኔ ይህንን ሥርዓት በብልሃት እዞረዋለሁ ብዬ እንዴት ራሴ እንደዞርኩ ነው።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ማስተማሩ አነሰ ተብሎ የቀበሌው የውይይት ክበብ መሪም ተደርጌያለሁ። ስለ ንቃቴ እንዳይመስላችሁ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ሰው ሲፈለግ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በየሳምንቱ ቆሜ ስለ ቁስ አካላዊነት አስረዳለሁ። ልማዳዊ አስተሳሰብን ከሥሩ እንነቅለዋለን ብዬ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አማትቤ እተኛለሁ።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። ሁለታችንም ወንደላጤ ስለነበርን ሽሯችንን ከአንድ ሳህን እንበላለን፣ ሸሚዛችንንም ተራ በተራ እንለብሳለን። አንድ ክረምት ወባ ጥሎኝ ስቃዥ ከአልጋዬ ግርጌ ያልተነሣ ሰው ነው። እናቴ መጥታ ስታየው "ይሄንን ልጅ እኔ ነኝ የረሳሁት እንጂ ወልጄዋለሁ" ብላለች። ይህ ሰው ታዲያ አሰብ ተዛወረ። እዚያ ሙቀቱ ድንጋይ ያላባል ይባላል።

ዝውውሩ በተነገረው ቀን ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን ዝም አልን። እኔ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ሰይድ ሣቅ ብሎ፣

"ወላሂ አንድ ነገር ይቆጨኛል" አለ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረን ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ ሥጋ ካንድ ሳህን ሳንበላ ልንለያይ?"

አፉ ሣቀ እንጂ ዓይኑ አልሣቀም። እንዲያው ለቀልድ የተባለ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረኝም። ሰይድ ሥጋ ካንድ ሳህን ሳንበላ አይሄድም። ግን የማን ሥጋ? የሱን ብበላ የኔ ሰዎች፣ የኔን ቢበላ የሱ ሰዎች...

"ዓሣ!" ብዬ ጮህኩ።

"ዓሣ?" አለ ሰይድ።

"ዓሣ አይታረድም! ከውኃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ማንም በላዩ ላይ ምንም አይልበትም። ሃይማኖት የሌለው ሥጋ ነው!"

ሰይድ ትንሽ አሰብ አድርጎ "እሺ፣ ኢንሻ አላህ" አለ። ያቺን ትንሽ ማሰብ ልብ ብላት ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ለነገሩ እኔም ብሆን ዓሣ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የአምባሰል ደጋ ልጅ ነኝ፤ ውኃ የማውቀው በእንስራ ነው። አምባሰል ለአገር ቅኝት ሰጠች እንጂ ዋናተኛ አልሰጠችም።

የድስት ነገር ቀጠለ። የሰይድ ድስት የእስላም ሥጋ ተሠርቶበታል፣ የኔ የክርስቲያን። ስለዚህ ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ። ያን ጊዜ በሬዲዮ ጠዋት ማታ ስለ ገለልተኛ አገሮች ይወራ ነበርና "ገለልተኛ ድስት" አልነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ ለሁለታችንም እንደ እናት የሆኑ ሴት፣ አሟሽተው ሰጡን። "ወጡንም እኔው እሠራላችኋለሁ፣ እናንተ ብቻ ዓሣውን አምጡ" አሉ።

ዓሣ እንግዲህ ይሸጣል። ሐይቁ ዳር ሄዶ "ስጡኝ" ማለት ነው። እኔ ግን ለወዳጄ የምመግበውን ራሴ ካላጠመድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሰይድ ሰኞ ጠዋት ሊሄድ፣ እሑድ ማለዳ ከአያ ይማም ጋር ታንኳ ላይ ወጣሁ። አያ ይማም ሐይቁ ላይ ያረጁ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ለመሪነት የመረጥኳቸውም ሰው ሁሉ "እሳቸው ታጋሽ ናቸው" ስላለኝ ነው። የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር።

"መንጠቆውን ጣልና ዝም በል።"

የመጀመሪያውን ቻልኩበት።

ከቄጠማ የታሰረችው ታንኳ ከታች ውኃ ታስገባለች፣ ከላይ ትወዛወዛለች። ከወዲያ ከሐይቅ እስጢፋኖስ በኩል የቅዳሴው ዜማ በውኃው ላይ ይመጣል። ትሉን መንጠቆው ላይ ልሰካ ጎንበስ ስል ታንኳዋ ዘመመች፤ እኔም ሐይቁ እስኪያስተጋባ "እመብርሃን ድረሽልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጮኼም አልቀረሁ፣ አማተብኩ።

አያ ይማም መቅዘፊያቸውን አቁመው አዩኝ። "አብሽር፣ አትሰጥምም" አሉ። ቀጥለውም "ያ ቀበሌ ላይ 'የለም፣ የለም' እያልክ የምትጮኸው አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉኝ።

እፍረት የያዘው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ዝም ማለት ወይም ማስተማር። እኔ አስተማርኩ። አፌን ከፍቼ ስለ ልማድ፣ ስለ ኋላ ቀርነት፣ ስለ ሳይንስ ተነተንኩ። ምሳሌ ሲያጥረኝ ዓይኔ ውኃው ላይ አረፈና ወደ ዓሣው ገባሁ።

"ለምሳሌ አምባዛን ይውሰዱት አያ ይማም! ሰዎቻችን ቅርፊት የለውም ብለው ይጸየፉታል። ቅርፊት ምንድን ነው? ልብስ ነው! ልብስ ስለሌለው ይገፋል? ይሄ የመደብ ጭቆና ነው!"

"እና አንተ ትበላለህ?"

"እንዴታ! እንዲያውም እመርጠዋለሁ!"

ልብ በሉልኝ፤ "እበላለሁ" ብል በበቃኝ። "እመርጠዋለሁ"ን ማን ጠራት?

አያ ይማም ክራቸውን ጣሉና ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ እየመዘዙ ያወጡ ጀመር። ሰፋፊ፣ ቅርፊታቸው በፀሐይ የሚያብለጨልጭ፣ እናቴ ብታያቸው ምንም የማትላቸው ቆሮሶዎች። በልቤ "ከነዚህ ሁለቱ ለእኛ ይበቃሉ" እያልኩ ሳለ የኔ ክር ጎተተኝ። ጎተትኩት። ጎተተኝ። ወደ ውኃው የምሄደው እኔ ልሁን ወደ ታንኳው የሚመጣው እሱ ገና ሳይለይ አያ ይማም ደርሰው አወጡት። አምባዛ! ክንዴን የሚያህል፣ ጠቋቁሮ የሚያዳልጥ፣ እንደ ድመት ጢም ያለው። አስቀያሚነቱ ሳያንሰው ደግሞ ያጉረመርማል። ዓይን ለዓይን ስንተያይ መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እኔ ነኝ።

ዳር ስንደርስ አያ ይማም ቆሮሶዎቹን ሰብስበው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱና አምባዛውን በገመድ አንጠልጥለው ሰጡኝ።

"በል፣ የምትመርጠው ይኸውልህ። ቆሮሶውን ለከተማው ክርስቲያኖች እወስደዋለሁ። እነሱ ገና እንዳንተ አልነቁም።"

ሲቀልዱብኝ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አፌ ላይ የነበረው ቃል "አያ ይማም፣ እባክዎ አንድ ቆሮሶ" የሚል ነበር፤ ይሉኝታ ግን መልሶ አስዋጠኝ። ያን ሁሉ ንግግር አድርጌ በምን ዓይኔ? ሌላ ነገር ለማውራት ያህል "እርስዎስ የትኛውን ይወዳሉ?" አልኳቸው።

"እኔ? አስተግፊሩላህ! ሽታውን ስጠግበው ኖሬ ልበላው? ዓሣ ቀምሼም አላውቅ።"

ወደ ከተማ ስገባ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መካከል ጢማሙን አምባዛ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ አለፍኩ። ጥቂቶች አማተቡ፣ ጥቂቶች መንገድ ለወጡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻ ከሩቅ ቡጢውን አንሥቶ "ጓድ መምህር፣ በተግባር!" አለኝ። ያን ሰዓት አምባዛው ወደ ሐይቁ እኔ ወደ አምባሰል ብንመለስ እንዴት ደስ ባለኝ።

እትዬ ብርቄ አንድ ጊዜ አዩትና በራቸውን ያዙ።

"ይሄን ጢማም! ለዚህ ነው ድስት ያሟሸሁት? እኔ በእጄ አልነካውም፣ ልጄ። እናንተው እንደፈጠራችሁ አድርጉት።"

ሰይድ መጣ። አምባዛውን እንደ በሽተኛ ዞር ብሎ አየው፣ ሆዱንም በጣቱ ጫን አድርጎ መረመረ። "ሞቷል?" አለኝ። "ሳይሞት አይቀርም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወንደላጤዎች፣ ከሽሮ ሌላ ሠርተው የማያውቁ፣ ሰይድ በቁስል መቀሱ እየቆረጠ እኔ በርበሬ እየጨመርኩ፣ ያንን ፍጡር ገለልተኛው ድስት ውስጥ አገባነው። ልጋጉ እንደሚታጠብ፣ ሎሚ እንደሚጨመርበት ማንም አልነገረንም። ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ሸተተ።

ቀረበ። አንድ ሳህን፣ ሁለት ሰው። ሰይድ "ቢስሚላህ" አለ። እኔም ከገበታው በታች በስውር አማተብኩ።

"አየሁህ" አለኝ። ሁለታችንም ሣቅን። ከዚያ ጎረስን።

ጭቃ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? በበርበሬ? ጉሮሮዬ አልቀበልም አለ፤ እናቴ፣ እትዬ ብርቄ፣ የንስሐ አባቴ፣ ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፈው አያሳልፉም። ሰይድን ቀና ብዬ አየሁት። ሊቆጨው የነበረው ነገር ይኸው ተፈጸመለት፤ እኔ ነኝ የማበላሸው? ዋጥኩት።

"ይጣፍጣል!" አልኩ።

"በጣም!" አለ።

ግን ሳህኑ ሙሉ ነው። ብልሃት መጣልኝ፤ እኔ ከማልበላው ለምን እሱን አላጎርሰውም? ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና አጎረስኩት። እሱም ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ዋጠና ከኔ የሚበልጥ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ያለ ሁለተኛ ጉርሻ አይሆንም ብዬ ደገምኩት። ሦስተኛ አለ። እንዲህ ስንጓረስ፣ ስንተያይ፣ እንባችንን ስንጠርግ፣ ያ ክንድ የሚያህል አምባዛ አለቀ። እትዬ ብርቄ በበሩ ክፍተት ሲያዩን ኖረው ኖሮ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው "ወይ ፍቅር! እንዲህ ያለ መዋደድ አይቼ አላውቅ" እያሉ ተንሰቀሰቁ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ጋ ሁለታችንም ፊታችን አመድ መስሏል። ሸኚው ሁሉ የመለያየት ሐዘን ነው ብሎ አለቀሰልን። ሰይድ ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬን ጠራው።

"አፉ በለኝ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ዓሣ ወድጄ አላውቅም፤ ሽታው ይገለኛል። አንተ እንደዚያ ስትወደው ሳይ ነው አብሬህ የበላሁት። ላንተ ስል ድጋሚም እበላ ነበር።"

እኔ? "እኔም እኮ..." ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ለኔ ብሎ የዋጠውን ያንን ሁሉ መከራ በአንድ ቃል መሣቂያ ላደርገው ነው? ያ የማይዘጋ አፌ ለአንድ ጊዜ ተዘጋ። አውቶቡሱም ሄደ።

ከዚያ ወራት አለፈና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአሰብ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። የደረቀ ዓሣ። "ሰይድ ልኮልህ ነው፤ ነፍሱን እስኪስት ይወዳል አለኝ።" ምን ልበል? "እንዴታ!" አልኩ። ያ ሹፌር በተመላለሰ ቁጥር ዓሣ መጣ። እኔም ቀቅዬ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁት። መጣል እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ቀን ሹፌሩ ባዶ እጁን መጣ። "ሰይድ ምን ሆነ?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነው፤ ሰጥቶኝ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ሸተተኝና ሚሌ በረሃ ላይ ወረወርኩት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ። አንገቱን አንቄ "የማንን ዓሣ ነው የወረወርከው? የማንን ዓሣ ነው?" እያልኩ ስጮህ የመንገዱ ሰው ተሰብስቦ ገላገለን። አንዱ ገላጋይ "መምህር፣ ለዓሣ ብለህ ነው እንዲህ የምትሆን?" ሲለኝ እንባዬ መጣ። ሰይድ ናፍቆኝ ነበር።

ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። የበደለኝ መስሎት እንቅልፍ አጥቶ ከረመና፣ በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ጆንያ ሙሉ የደረቀ ዓሣ ተሸክሞ ደጃፌ ላይ አራገፈልኝ።

በላሁት፤ ምን ላድርግ?