የተባረረው ሆርሞን

ቁም ሳጥኑን ብቻዬን አነሳዋለሁ ያሉት የተከበሩ አባወራ፣ የባታቸው ጡንቻ «ቷ!» ብሎ ሲሰነጠቅ እንኳ ክብራቸውን አልጣሉም። የጣሉት ቁም ሳጥኑን ነው። ሊደግፉ የሮጡት ባለቤታቸውም ባታቸውን ተጎዱ። ቤቱ በአንድ ቁም ሳጥን ሁለት አንካሳ በማፍራት ከዕቅድ በላይ አሳካ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኝታ አየቻቸው።

«ሁለታችሁም እረፍት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እንቅስቃሴ።»

«እረፍት? ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ገመድ ጉተታ አለብኝ እኮ! የገመዱ ጫፍ የኔ ነው። ከቀረሁ ለማን እንደሚሰጡት ታውቂያለሽ? ለዚህች ወንድም!»

«ወንድሜን ምን አድርግ ነው የምትለው?» አሉ ባለቤታቸው።

«እሷ ትረፍ። እኔ የወንድ ሆርሞን አለኝ፤ ጡንቻ የሚጠግነው እሱ ነው።»

«ይረዳል ጋሼ። የሴቱም እብጠት በማብረድ ሳይረዳ አይቀርም፤ ገና እየተጠና ነው። ደግሞ እርስዎም ጋ ሁለቱም አለ። የሚለያየው መጠኑ ነው።»

«እኔ ውስጥ? የሴት?»

«አዎ።»

«በማን ፈቃድ?!»

ቤት እንደገቡ አባወራው የቤተሰብ ስብሰባ ጠርተው ጉዳዩን በጥልቀት ገመገሙ። «ይህ ሰርጎ ገብ ሆርሞን ከዛሬ ጀምሮ ከሰውነቴ ተባርሯል» ሲሉም አቅጣጫ አስቀመጡ። ሴት ልጃቸው አጨበጨበች፤ ካላጨበጨበች ስብሰባው አያልቅማ። ባለቤታቸው እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቀሉ።

አባወራው ግን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ። ላብ በላብ የሚያደርጋቸውን ሕመም «የመዳን ምልክት» ብለው ሰየሙት።

ቅዳሜ ፊሽካው ተነፋ። አባወራው የገመዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው መሬቱን ረገጡ። «ቷ!» አሁንስ ዘበኛው ሳይቀር ሰማ። አብሯቸው ይጎትት የነበረው መላው የመጋዘን ክፍልም እላያቸው ላይ በመከመር አጋርነቱን ገለጸ።

ቤት ድረስ አዝሎ ያመጣቸው ያው የሚስታቸው ወንድም ነው። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው፤ በእግራቸው፣ ቀስ እያሉ።

አባወራው እንደተኙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚማ... ያ የሴቱ... እብጠት ያበርዳል አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል? ሥራ አይጀምርም?»

«አንተ ሰውዬ፣ አባረርከው እኮ!»

ወዲያው በተኙበት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሆርሞኑ ከነሙሉ ጥቅማ ጥቅሙ ወደ ሥራ ገበታው እንዲመለስ፣ አባወራው በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

ልጃቸው አጨበጨበች።