ፕላስተር የተለጠፈበት መብራት

ስለ ማሽን አብዝቶ የሚያውቅ ሰው ፈሪ ነው። ይህን የምላችሁ እኔ ነኝ፤ ከአሶሳ ባምባሲ ያለውን መንገድ በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ማንጎ ይዤ የምመላለሰው፣ መኪናዬን ከገዛኋት ጀምሮ ሆዷን ከፍቼ አይቼ የማላውቀው ጀግና! የሰው ሆድና የመኪና ኮፈን ካልከፈቱት ሰላም ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? የማያውቁት ብልሽትም አያስጨንቅም።

ይህ ፍልስፍናዬ እስካለፈው ዓርብ ድረስ ሠርቷል።

ዓርብ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ልበር ነበር። በማግስቱ ለባለቤቴ የእህት ልጅ ሽማግሌ ሆነን ሚስት ልንጠይቅለት ነው። የተመረጥነው ሁለት ነን፤ ጎረቤታችን ሐጂ ሙስጠፋ ለጢማቸው፣ እኔ ለምላሴ። የሐጂ አፍ መፍቻ የበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛን እንደ መድኃኒት በልክ ነው የሚወስዷት። ስለዚህ የሚናገረው እኔ፣ ራሳቸውን የሚነቀንቁት እሳቸው ተብሎ ተደለደለ። ባለቤቴም ስትሸኘኝ፣ «ዕድሜ ልኩን ሰው ያስቀየመ ምላስ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ያጋባ» ብላ መረቀችኝ። ከዚያ በረራ ቀጥሎ ያለው የሚነሳው ሽምግልናው ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ ካልሄድኩ አልሄድኩም ማለት ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ከባድ ዝናብ ስላለ ይዘገያል ተባለ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱ አብራሪዎች ምሳ ፍለጋ ወጡ። ካፒቴኗ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እርጋታዋ እንቅልፍ የሚያመጣ ሴት ናት። ረዳቷ ሽቶው ቀድሞት የሚሄድ ወጣት ነው። ባጃጅ ሲጠብቁ አየኋቸው። እንግዳ ባጃጅ ሲጠብቅ እያየሁ ዝም ካልኩ እኔ ምኑን የአሶሳ ሰው ሆንኩት?

«ኑ፣ መኪና አለኝ» አልኩ።

ሐጂ እጅጌዬን ያዙ። «ተው። አውሮፕላን ይሄዳል።»

«ሐጂ፣ አብራሪዎቹ እኮ እኔ መኪና ውስጥ ናቸው። ያለ እነሱ ወዴት ይሄዳል?»

ሐጂ እጅጌዬን ለቀቁ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ካፒቴኗ ከፊት፣ ረዳቷ ከኋላ ተቀመጡ። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ ካፒቴኗ።

«መምህር ነኝ፤ አዋቂዎችን ነው የማስተምረው» አልኩና ወሬውን ወደ እነሱ አዞርኩት። በመስታወቱ ረዳቱን እያየሁ፣ «ያ ሁሉ ቁልፍና መብራት… እውነት ሁሉንም ታውቁታላችሁ?»

ሳቀ። «ጋሼ፣ ለፈተና አጥንተነዋል። አሁን ግን አውሮፕላኑ ራሱ ይነግረናል። መብራት ሲበራ ወረቀቱን አውጥቶ የሚለውን መፈጸም ነው። የውስጡ የመካኒክ ጣጣ ነው።»

ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። ከመኪናው ወርጄ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ካፒቴኗ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ወረቀቱ የሚያውቀው በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ነው። ባንተ ላይ አዲስ ነገር ቢደርስስ?» አለችው።

«ያኔ… እርስዎ አሉ፣ ካፒቴን።»

«ሽንት ቤት ብሆንስ?»

ልጁ ክራቫቱን አስተካከለ። አሳዘነኝና፣ «እግዜር አለ» ብዬ ልታደገው ሞከርኩ።

«እሱማ አለ» አለች፤ «ግን ረዳት አብራሪ አድርገን አልቀጠርነውም።»

ይህን ስትል ዐይኗ ከመሪው ጀርባ ካለው ሰሌዳ ላይ አረፈ።

«ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?»

«እሱ… መብራት ነበር። ዐይኔን ሲወጋኝ ጊዜ ለጠፍኩበት።»

«ምን ዓይነት ምልክት ነው ያለው?»

«ውሃ ውስጥ የቆመች ማንኪያ የምትመስል።»

«ቀለሙስ?»

«ቀይ።»

«ከበራ ቆየ?»

«ፕላስተሩን አንዴ ቀይሬዋለሁ።»

ከኋላ ረዳቱ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይሸታል… ጣፈጥ ያለ።»

«ማንጎ ነው። የአሶሳ አየር እንዲህ ነው።»

«ማንጎ አይጨስም» አለች ካፒቴኗ። «ሞተሩ ግሏል፤ እባክዎ ጥግ ይያዙ።»

እውነትም ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ቆምኩ። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ደርሶብኛል። «በሰማይ የሚበሩ ሰው በምድር ይፈራሉ?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ የበረርኩት» አለች። «ከኋላዬ የሚቀመጡት ሰዎች መብራቱን አያዩትም። እኔም ከሸፈንኩት ማን ያየዋል?» ከዚያ ወርዳ፣ «በሉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ፊታችሁን ብታዞሩልኝ ደስ ይለኛል። አንዱን እጀታ ስስብ የነዳጅ ክዳኑ ተከፈተ። ሌላውን ስነካ ዝናብ በሌለበት የመስታወት መጥረጊያው ይወዛወዝ ጀመር። ሦስተኛው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ብድግ አደረገው። ኮፈኑ ግን ንቅንቅ የለም። «ደርቆ ነው» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግሁ። ረዳት አብራሪው ስለ አየሩ ጠባይ ሊያስብ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

በዚህ መሀል የካፒቴኗ ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ ዝናቡ አባርቷል፤ ቶሎ ተመለሱ ተባሉ። ምሳው ቀረ። ወዲያው አንድ ባጃጅ እየበረረ መጣና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ የበርታ ልጅ ነው፤ ዐወቀኝ።

«መምህር፣ ምን ሆነ መኪና?»

«ምንም አልሆነች። እነዚህን እንግዶች አውሮፕላን ማረፊያ አድርስልኝ።»

ለካፒቴኗ፣ «ግባ፣ ቶሎ ግባ፤ ጁምዓ ያልፋል ከኔ» አላት። ገባች። ከውስጥ ሆና ቦታ አሰፋችልኝ።

«እርስዎም ይግቡ እንጂ። ተሳፋሪ አይደሉም?»

ብገባ መብራቱ እውነት ተናገረ ማለት ነው። «እናንተ ቅደሙ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ስትል እደርስባችኋለሁ» አልኩ።

ባጃጁ ሲርቅ ረዳቱ፣ «ካፒቴን፣ ሽታው የምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። ወንድሜ ከዳኝ።

መኪናዬን አስነሳሁ። ከአንድ አጥር ወደ ሌላው ሳትደርስ ሳል ያዛት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ የሞተች ያህል ጸጥ አለች። ጭሱ እንደ ደመና ተነሳ። ባጃጅ ለመጥራት እጄን ሳነሳ ነው ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ። በጁምዓ ሰዓት አሶሳ ላይ ባጃጅ መፈለግ በበጋ ጎርፍ መፈለግ ነው፤ ባጃጆቹ ሁሉ መስጊዱ ደጃፍ ከጫማዎቹ ጎን ተደርድረዋል። ያለፈው የመጨረሻው ነበር። ካፒቴኗ ቦታ አስፍታልኝ ነበር።

ሐጂ ጋር ደወልኩ። «ሐጂ፣ መጣሁ፤ ካፒቴኗን ጠብቂው በሏት።»

«ካፒቴን ነገረኝ። መኪና ጨሰ፣ ሰውዬ ደህና ነው አለ። በር ተዘጋ አሁን።»

«ነገ ታዲያ ማን ሊናገር ነው?»

«እኔ አለሁ። ስልክ ዝጋ ይላል አስተናጋጅ ልጅቷ።»

ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ በላዬ አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ወተት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወንበርም ይኖራል፣ ያውም በመስኮት በኩል።

ቅዳሜ ሐጂ ሙስጠፋ የልጅቷ ቤተሰብ ፊት ቆመው የተናገሩት ንግግር ሙሉ ቃሉ እነሆ፦ «ልጁ ጥሩ ነው። ልጅቷም ጥሩ ነው። እኛ እንፈልጋለን። እናንተስ?» ወዲያው እሺ ተባሉ። እኔ ያዘጋጀሁት ከአዳምና ሔዋን የሚጀምር ነበር። ባለቤቴ ዜናውን ስትሰማ፣ «መኪናህን ያበላሸው እግዜር ነው፤ ልጃችን እንዲያገባ» አለች።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የኮፈኑን መክፈቻ በአንድ ጣት ሳበው። ከመሪው ሥር፣ ስነዳ ዘወትር ጉልበቴን የሚነካኝ ነገር ነበር።

ባጃጅ ነጂው ለምን መምህር እንዳለኝ ደግሞ ሳልነግራችሁ ልቀር አልችልም፤ የራሴ ተማሪ ስለነበረ ነው። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ መምህር ነኝ። የማስተምረው የሞተር ክፍሎችንና የማስጠንቀቂያ መብራቶችን ነው።